ቀይ መብራት ላይ የምትጠፋው መኪና

የካቲት 6

ተራ ቀን። ሃያ ሦስት ጥንድ የመነጽር ሌንስ ሞረድኩ። አንዱ እጄ ላይ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የማሽኑ ነው… እሺ፣ ግማሹ የኔ ነው።

ከምሳ በኋላ አለቃችን ሰበሰበን። መሞረጃ ክፍሉ ከግንቦት አንድ ጀምሮ ከከተማ ውጭ ወደተሠራው አዲስ ሕንፃ ይዛወራል። የዓይን ሐኪሞቹም ሻጮቹም እዚሁ ይቀራሉ። የምንሄደው አቧራ የምናቦነው ሦስታችን ብቻ። አውቶቡስ እዚያ አይደርስም። “መኪና ያላችሁ ሰዎች…” ብሎ ጀመረና ፊታችንን ሲያይ ተወው።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። ሬዲዮውን ሳይቀንስ “እ?” አለ። ደገምኩለት። “እ” አለ። በቃ። የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። ቀኝ ጆሮው እዚያው ቀርቷል፣ ወሬውም አብሮት። በቀን የሚናገረው ሃያ ቃል አይሞላም፤ ግማሹ “እ” ነው። ሬዲዮው ግን ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃል፣ ሌሊቱን ሙሉ። የምተኛው የመሥሪያ ቤቱን የጆሮ መድፈኛ አድርጌ ነው።

የካቲት 8

እህቴ ደወለች። ታላቅ ናትና ሁሉን ነገር አስባ ከጨረሰች በኋላ ነው የምትደውለው። “አንቺ እዚያው መሥሪያ ቤትሽ አጠገብ ክፍል ተከራዪ። አባዬ ብቻውን አይሆንም፣ እኔ ጋ ይምጣ። ቤቱን እናከራየዋለን።”

“አምስተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል?”

“እዚያስ ምን እየሠራ ነው?”

እውነቷን ነው። ያናደደኝም እሱ ነው። መኪና እገዛለሁ፣ እየተመላለስኩ እሠራለሁ፣ ማንም የትም አይሄድም አልኳት። ሳቀች… ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቀች።

የካቲት 19

በኔ ቁጠባ የሚገኘው መኪና ሁለት ዓይነት ነው። የሚሄድ ግን የማያምር፤ የሚያምር ግን የማይሄድ። ዛሬ የመጀመሪያውን ዓይነት አገኘሁ። ግራጫ፣ አራት በር። ባለቤቷ ነርስ ናት፤ ዘይት የቀየረችበትን ቀን ሁሉ ጽፋ ይዛለች። ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ አልኳት።

ስመለስ ያቺን አየኋት። ቀይ፣ ትንሽ፣ ባለ ሦስት በር፣ ኋላዋ ቁርጥ ያለ። ሞተሯ ለአካሏ የሚበዛባት ዓይነት። ሃያ ስምንት ዓመቷ። መስታወቷ ላይ “ለሽያጭ” ይላል።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ መንገዳችን ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም እንደሷ ያለች ነበረችው። ማዕዘኑ ላይ ደርሶ ማርሽ ሲቀይር ድምጿ ይለወጥ ነበር፤ ያንን ለመስማት ገመድ ዝላዬን አቆም ነበር። ይሄ ምክንያት ይሆናል? ለአርባ ዓመት ሴትዮ?

የካቲት 20

ገዛኋት። ግራጫዋን አይደለም።

ሻጩ ጡረታ የወጣ የውሃ ዋና አስተማሪ ነው። ጣሪያዋን መታ መታ እያደረገ “ከኔ በፊት አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት” አለኝ። ለሙከራ ይዞኝ ወጣና የቀለበት መንገዱን ዞረን ተመለስን። በሦስተኛ ማርሽ ስረግጣት ጀርባዬ መቀመጫው ላይ ተለጠፈ። ሳቅሁ። ብቻ ሲሆኑ የሚሳቅ ሳቅ፣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ።

ወረቀቷን ቤት ገብቼ አነበብኩት። ሰባት ባለቤት።

የካቲት 21

የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ጠፋች። መስቀለኛው ላይ፣ ጫማ መሸጫው ፊት ለፊት። አስነሳኋት። ሁለተኛውም ላይ ጠፋች። ሦስተኛው ላይ ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ጡሩምባውን አንዴ ከያዘው አልለቀቀም። ጫማ ሻጯ ወጥታ በር ላይ ቆማ አየችኝ። ላብ በላብ።

ያ የዋና አስተማሪ ትናንት በየት በኩል ነበር የወሰደኝ? ቁጭ ብዬ መንገዱን በሐሳቤ ነዳሁት። አንድም መብራት የለበትም።

አባዬ በር ላይ ቆሞ ነበር። በሩ ላይ ስደርስም ጠፋች። አንዴ ዞራትና “ክብሪት” አለ። ጭንቅላቷ ቀይ ስለሆነ ነው ወይስ ቦግ ብላ ስለምትጠፋ? አልጠየቅሁትም። እሱው ቀጠለ። “ጋራዡን ውሰጂው። እኔ ግን ይቺን እጄን አልነካባትም፣ እንዳትጠሪኝ።”

“ማን ይጠራሃል? አንተ የናፍጣ ሰው ነህ።”

ሃያ ቃሉን በአንድ ጊዜ ጨርሶ ወደ ሬዲዮው ገባ።

የካቲት 23

እህቴ በስልክ። “ሰማሁ… ቀይ ነው አሉ።” ማነው የሚነግራት? ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ መጣች። የመኪናዋ የምርመራ ወረቀት መቼ ነው የሚያበቃው? ሚያዝያ 30 አልኳት። በነጋታው ነው ሥራዬ የሚዛወረው።

“ካላለፈችስ?”

“ካላለፈች እንዳልሽው ይሁን። አባዬን ትወስጂዋለሽ።”

አፌን በቆረጠው። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሰምቶ ይሆን? የተቀመጥኩት በግራው በኩል ነው፣ በደህናው።

መጋቢት 3

መካኒክ አገኘሁ። ሰፈሩ ሁሉ “ችግር የለም” ብሎ ነው የሚጠራው፤ ሌላ ነገር ስለማይናገር። ኮፈኗን ከፈተ። ችግር የለም። ከታች ተጋደመ። ችግር የለም። ከዚያ ችግር የሌለበትን ሁሉ ጻፈልኝ፤ ወረቀቱ አልበቃውም ብሎ ጀርባውን ገለበጠ።

ካንዴላዎቿን ቀየረ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ በሽቦ ነበር የታሰረችው። የኋላ በሯ በዝገት ስላለቀ ከተጣሉ መኪናዎች ግቢ ሌላ ተገኘ… አረንጓዴ። ቀለሙ ይቆይ አልኩ። የሾፌሩ መስኮት ሲከፈት ወደ ውስጥ ወድቆ ይቀራል፤ አልከፍተውም። ይሄ ሁሉ ሲሆን አልተናደድኩም። የሚያናድደኝ መብራቱ ነው።

መጋቢት 9

“ሚኒሞዋ ወርዶ ነው” አለ ችግር የለም። ነዳጅ ሳትረግጪ፣ መኪናዋ ቆማ ሞተሯ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ማለት ነው አለኝ። ዘጠኝ መቶ መሆን አለበት፣ የሷ ስድስት መቶ ነው፤ ስለዚህ ስትቆም ትተነፍስና ትጠፋለች። አንዲት ብሎን አሳየኝ፣ የጣቴ ጥፍር የምታህል። በካቻቢቴ ሩብ ዙር አዞራት። ዘጠኝ መቶ። ቤቴ ድረስ አምስት መብራት፣ አንዱም ላይ አልጠፋችም።

ይቺን ብሎን ነበር በቃ? ዘፈን ቢጤ አንጎራጎርኩ።

መጋቢት 10

ጠፋች። ጫማ መሸጫው ጋ። ስድስት መቶ።

መጋቢት 11

ራሴው ማታ በካቻቢቴ ወደ ዘጠኝ መቶ መለስኩት። ጠዋት ሥራ ስሄድ ሁለቴ ጠፋች።

መጋቢት 15

ማታ ዘጠኝ መቶ። ጠዋት ስድስት መቶ ሃምሳ። ብሎን እንዴት ነው በራሱ የሚዞረው? እኔ ሌንስ ላይ ሁለት ዲግሪ ብስት ሰውዬው ራሱን ይዞ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ላይ ሲሆን ሁሉም “መኪና እኮ ነው” ይለኛል።

መጋቢት 18

ችግር የለምን ጋራዡ ድረስ ሄጄ ጮህኩበት። ብሎኑን አጥብቆ በጥቁር ማስቲሽ ነገር ለጠፈው። “አሁን ችግር የለም።”

በጎን አንድ ጥሩ ነገር ሠራሁ፣ ይጻፍ። የፊት መብራቶቿ ደፍርሰው ቢጫ ሆነው ነበር። ከመሥሪያ ቤት ሌንስ የምናለሰልስበትን ቅባት ለመንኩና ሁለት ምሽት ሙሉ በክብ በክብ አሸኋቸው። እንደ አዲስ ወጡ። አባዬ ወደ ጓሮ ሲያልፍ ቆም ብሎ አያቸው። “እ” አለ። ግን ረዘም ያለ “እ” ነበር።

መጋቢት 19

ማስቲሹ ተልጧል። ስድስት መቶ።

መጋቢት 24

የነዳጁ ነገር። ትናንት ግማሽ የነበረው ዛሬ ከግማሽ በታች ነው። ማታና ጠዋት መሃል ማን ነዳው? ሥሯን በባትሪ ብርሃን ፈተሽኩ፣ ጠብታ የለም። የሙቀት አመልካቿም ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ጠዋት ገና ስገባባት ከፍ ብሎ ነበር ያገኘሁት። ገና ሳትነሳ እንዴት ትሞቃለች? ይሄንንም በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩት።

ሚያዝያ 2

እህቴ መጣች፣ ለአባዬ ክፍል የሚሆን መጋረጃ አሳየችኝ። ሰማያዊ። “ይወደዋል?” አለችኝ። ለምን እሱን አትጠይቂውም? ጠየቀችው። “እ” አለ። ዞራ አየችኝና ዓይኗ በእንባ ሞላ። እሷም እኮ አልቻለችም… እኔ ብቻ የተጨነቅሁ እየመሰለኝ።

ሚያዝያ 9

ምርመራ። ወደቀች። ፍሬኗ አለፈ፣ ጎማዋ አለፈ፣ መሪዋ አለፈ። ሚኒሞ ላይ ቆማ ተንቀጠቀጠችና መርማሪው ፊት ጠፋች። ሦስት ጊዜ። ወረቀቱ ላይ “ሞተሩ ተረጋግቶ አይቆምም” ብሎ ጻፈ። “እስከ 30 ድረስ አስተካክለው መመለስ ይችላሉ።” ትሑት ሰው ነው፤ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 10

ነውሬን ልጻፈው። ችግር የለም ጋ ሄጄ ሰው ፊት “ተመልሼ እንድመጣ ብለህ ነው ብሎኗን የምታላላት” አልኩት። ደንበኞቹ ሁሉ ቀና አሉ። ያ ሰውዬ “ችግር የለም” አላለም። እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ።

“እህቴ፣ መኪናዋ የምታድረው እኔ ጋ ነው እንዴ?”

አስነስቼ ወጣሁ። በሩ ላይ ጠፋች፣ እንዳትቀርብኝ።

ሚያዝያ 12

የምታድረው የት ነው? እኔ ጋ።

ሌንስ ላይ ማዕዘን የምናመለክትበትን ቢጫ እርሳስ ከሥራ ይዤ መጣሁ። ማታ ዘጠኝ መቶ ላይ አደረግኋት፤ ብሎኗ ላይ አንድ ነጥብ፣ ከጎኗ ብረቱ ላይ ሌላ ነጥብ። ትይዩ። አሁን እናያለን።

ሚያዝያ 13

ሰማንያ ዲግሪ ዞራለች። ከእርሳሱ ነጥብ ጎን የካቻቢቴ ጭረት አለ፣ አዲስ። ብሎን በራሱ ቢዞር ጭረት አይተውም።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ነው የሚኖረው። አንዱ እጁን አልነካም ብሏል።

ሚያዝያ 14

የጆሮ መድፈኛዬን ሳላደርግ ተኛሁ። ሬዲዮው እንቅልፍ ነሳኝ። ሊነጋጋ ሲል በሬዲዮው ስር ሌላ ድምፅ ሰማሁ… መኪናዬ፣ ክብሪት፣ ተነሳች። ሬዲዮውና መድፈኛዬ ይሄንን ሸፍነውብኝ ነበር ማለት ነው? ሁለት ወር ሙሉ።

በጓሮ በር በኩል ወጣሁ። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። አባዬ ሰማያዊ የሥራ ልብሱን ለብሷል፤ እህቴ ጣልኩት ያለችውን። ወገቡ ላይ ሰፍቶታል። ረጅሙን ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን መንጋጋው ላይ ደግፎ ዓይኑን ጨፍኗል። ጆሮው እምቢ ሲለው በአጥንቱ ነው የሚሰማው። ልጅ ሆኜ ጋራዥ ምሳ ሳደርስለት እንዲህ ሲያደርግ አይቼዋለሁ… ረስቼው።

እና ያወራል። እሱ። “ቀስ በይ እስቲ… ማን ያባርርሻል? ገና ሳይነጋ ምን ያስጮኽሻል፣ እ? እኔ ሁለት መቶ አውቶቡስ አሳድጌያለሁ፣ እንዳንቺ ያለ ችኩል አላየሁም። ሚያዝያ 30 አለብን እኮ አንቺ። እኔን አምስተኛ ፎቅ ልታሰቅይኝ ነው?”

ሰምቷል። የዚያን ቀን በስልክ ያልኩትን ሁሉ ሰምቷል።

አለቀስኩ። ከዚያ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

“እጄን አልነካባትም አላልክም?”

ዞረ። አልደነገጠም። “አልነካሁም። በካቻቢቴ ነው።”

ከዚያ በኋላ የተባለውን እንዳለ ልጽፈው አልችልም፤ ሁለታችንም አንድ ላይ ነበር የምንናገረው። አበላሸሃት አልኩ። አንቺ ነሽ የምታበላሺያት አለ፤ ማታ ምን እንደምታደርጊያት እንጃ፣ ጠዋት ሳስነሳት ቆማ ትጮኻለች፣ ሺህ አምስት መቶ ዙር፣ ሞተር ቆሞ አይጮኽም። አትጮኽም፣ መብራት ላይ ትሞታለች እንጂ አልኩት።

“መቼ?”

“ስትሞቅ።”

ካቻቢቴውን ዝቅ አደረገ። “ስትሞቅ አላየኋትም” አለ። “አንቺ ሳትነቂ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የማቆያት።”

እኔም ስትበርድ አላየኋትም። ጠዋት ስገባባት እሱ አሙቋት ነው የማገኛት። ሁለት ወር፣ እሱ ጠዋት ያወርዳል፣ እኔ ማታ እሰቅላለሁ፣ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን። አንድ ቀን “መኪናዋን ነካካሃት?” ብዬ ብጠይቀው ኖሮ… ግን እንዳትጠሪኝ አለኝ፤ እኔም ማን ይጠራሃል አልኩ። እንዲህ ያለ ግትር ዘር ከየት ነው የመጣው?

ሥራ አርፍጄ ደረስኩ። አባቴ ስለታመመ ነው አልኩ። አላመመውም። ጉድ አፈላ እንጂ።

ሚያዝያ 15

ዛሬ ከሥራ ተመልሼ እስክትበርድ ጠበቅን፤ ከዚያ አስነስተን እስክትሞቅ አብረን ቆምን። ሃያ ደቂቃ። ብሎኑን ማንም አልነካም፣ አባዬ ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ። ስትበርድ ሺህ አምስት መቶ፣ እየሞቀች ስትሄድ ወረደች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች።

“ጥፋቱ የብሎኑ አይደለም” አለ አባዬ። “የሆነ ቦታ አየር ትስባለች። ስትሞቅ ነው የሚከፈተው።”

ሁለታችንም በሽታውን ትተን ብሎን ስንጠመዝዝ ነበር የከረምነው።

ሚያዝያ 16

አየር የምትስብበት ቦታ ፉጨት አለው አለኝ። እሱ አይሰማውም፣ ጆሮው ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆየ። እኔ እሰማለሁ፣ ግን የቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። “ወዴት ነው?” ይለኛል። ወደ ታች። “ከትልቁ ቱቦ ወዲህ ነው ወዲያ?” ወዲያ። “ግራ ነው ቀኝ?” አባዬ፣ የሚፏጨው አንዴ ነው፣ ዝም በል ልስማ። “ዝም አልኩ።” አላለም። አራት ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ ዛሬ ነው የሚናገረው።

ከሞተሩ ጀርባ፣ እጅ በማይገባበት፣ አንዲት የጎማ ቱቦ አለች። የሱ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ አስገብቶ አወጣውና መዳፉን አየው። እኔ አስገባሁ። የክርኔ ቆዳ ተላጠ። ቱቦዋ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልላለች፣ ሥሩ እንደ አፍ የተከፈተ ስንጥቅ። ከሰባቱ ባለቤቶች አንዱ አውቋል። አውቆ ጠቅልሎ ሸጧል።

የዋና አስተማሪው ከሆነ ዓይኑ ላፈር።

ሚያዝያ 20

ሁለት ቱቦ ሞከርን። አንዱ ሰፋ። ሁለተኛውን አባዬ ከድሮ ዕቃ ሣጥኑ አወጣው፤ ገና ሞተሩ ሳይግል ለስልሶ እንደ ማስቲካ ተሳበ። መደብሮቹ “ይቺ መኪና አሁንም አለች?” ነው የሚሉኝ። አሥር ቀን ቀረኝ። ሌንስ ስሞርድ ሁሉ ክብ የሆነ ነገር ቱቦ እየመሰለኝ ነው።

ቱቦ ሊኖረው የሚችል አንድ ሰው አለ። አውቃለሁ ማን እንደሆነ።

ሚያዝያ 21

ይቅርታ ጠየቅሁ። በዚያው ቦታ፣ ሰው ፊት፣ እንዳጠፋሁት። አባዬ አብሮኝ ነበር፤ “ብሎኗን የማዞራት እኔ ነበርኩ” አለለት፣ ያለ ምንም ማጉረምረም። ችግር የለም አባዬን አየው፣ እኔን አየኝ። አፉን በክንዱ ሸፈነ። ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። የሚገባኝ ነው።

ቱቦ አለው። ከሌላ መኪና የወጣች፣ ልክ የምትሆን። ከዚያ ሁለቱ ስለ አየርና ስለ ነዳጅ አንድ ሰዓት አወሩ፤ እኔን ማንም አላየኝም፣ ጎማ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስንወጣ ገንዘብ ሰጠሁት፣ አልቀበልም አለ። ግድ ስለው “አባትሽን አልፎ አልፎ ላኪልኝ” አለኝ። እንደ ዕቃ። አባዬ ሰምቶ ደስ አለው መሰለኝ፤ ኮቱን አስተካከለ።

ሚያዝያ 22

ቱቦዋ ገባች። የሌላው ክርኔም ተላጠ። ብሎኑን አንዴ፣ ሞቃም በርዳም እያየናት፣ አብረን አስተካከልነው። ቢጫውን ነጥብ አደረግሁበት። አባዬ ከሳጥን ላይ ካርቶን ቀደደና ቁልፉ የሚሰቀልበት ሚስማር ላይ አንጠለጠለ። ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል። “ብቻውን የሚነካት የለም” ይላል።

ሚያዝያ 25

ነጥቡ እዚያው ነው። ሦስት ጠዋት። አላምንም፣ እየሄድኩ አያለሁ።

ሚያዝያ 27

እህቴ ሳትደውል መጣች። መጋረጃውን ይዛ። የጋራዡ በር ላይ ስትደርስ አባዬ ኮፈን ስር ገብቷል፤ የምርመራውን ቀን ሲያስብ የባትሪዋን ጫፎች ለሦስተኛ ጊዜ እየጠረገ።

“አባዬ?”

“እስቲ ዘወር በይልኝ፣ ብርሃኑን ከለከልሽው” አላት። ከዚያ ቀና ብሎ “መጣሽ እንዴ ልጄ” አለ። “ነይ ያዢልኝ ይቺን።” እህቴ ጥፍሯን ትናንት ነው ያሠራችው። ያዘችለት። መጋረጃው ወንበር ላይ ቀረ፤ ስትሄድ አላስታወሰችውም፣ እኔም አላስታወስኳትም።

ግን ምርመራው አልቀረም። ሦስት ቀን። ካላለፈች ደግሞ ቃሌ ቃል ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሚያዝያ 30

የምጽፈው ሬዲዮ በሌለበት ቤት ነው። አባዬ ገና በጊዜ ደክሞኛል ብሎ ገብቶ ተኝቷል፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ማታም አይባልም። ሬዲዮውን ማብራት ረስቶ። የጆሮ መድፈኛዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ወረፋው እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ሁሉም የመጨረሻ ቀን ነው የሚመጣው፣ እንደኔው። አባዬ የሥራ ልብሱን ለብሶ ካልሄድኩ አለ። “አባዬ፣ ተሳፋሪ ነህ።” “ምን ይታወቃል?”

ያው መርማሪ። አወቃት፤ አረንጓዴ በሯን ማን ይረሳል? ሚኒሞ ላይ አቆማት። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አባዬ መንጋጋውን። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። መርፌዋ ዘጠኝ መቶ ላይ ተተክላ ቀረች። ጭሷን ለኩ፣ አለፈች። የፊት መብራቶቿን አይቶ “እነዚህን የት ነው ያገኟቸው?” አለኝ። አሸኋቸው አልኩት። አላመነኝም።

ከዚያ ጡሩምባውን ተጫነ። ዝም።

ዝም። ለሁለት ወር ተኩል ስንት ሰው ሲነፋብኝ እኔ መልሼ ነፍቼ አላውቅም፤ እንደማይሠራ በምን ልወቅ? መርማሪው እስክሪብቶውን አነሳ። “ጡሩምባ ካልሠራ…”

“ልጄ፣ ሁለት ደቂቃ” አለው አባዬ። ከኪሱ ካቻቢቴውን አወጣ። አንገቱን ከዳሽቦርዱ ስር አስገባ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔ ልርዳህ አልኩ፣ በዓይኑ መለሰኝ። የሆነች ሽቦ መዞ ጫፏን ፋቀ፣ መልሶ ሰካት። “ንፋ” አለው።

መርማሪው ነፋ። ቀጭን፣ ሰውነቷን የማትመስል ጩኸት። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። “እሺ አባት” አለና ማኅተሙን መታው።

አለፈች። ልጽፈው ብዬ ነው እንጂ የማላምንበት ቃል ነው። አለፈች። ለእህቴ ደወልኩላት። “እሺ” አለች፤ ከዚያ “መጋረጃውን አንቺው ክፍል ስቀይው” አለች።

ወደ ቤት። አራት መብራት አረንጓዴ ጠበቀን፣ ለክፋት። የመጨረሻው፣ ጫማ መሸጫው ጋ፣ ቀይ ሆነ። የፍሬን ፔዳሉን ረገጥኩ። አባዬ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠ፣ ጣቶቹን ዘርግቶ። እኔ መርፌዋን አየሁ። ዘጠኝ መቶ። ዘጠኝ መቶ። እሱ በመዳፉ ይሰማታል፣ እኔ በጆሮዬ። ጫማ ሻጯ በር ላይ ወጥታ ቆመች፣ እንደ ልማዷ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

ከኋላችን ጡሩምባ ተነፋ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሦስተኛው። እጄ እንደለመደው ቁልፉን ሊይዝ ሄደ፣ ሊያስነሳት።

“ሂጂ እንጂ” አለ አባዬ። “አረንጓዴ ከሆነ ቆየ እኮ። የጠፋች ይመስላቸዋል።”